የተዋስነው የሕፃን ልብስ

በእኛ ጊዜ ለመውለድ ቦርሳ የሚይዝ አልነበረም፤ ምጥ ሲመጣ ጎረቤት ይጠራል፣ ማርያም ማርያም ይባላል፣ የሚሆነው ይሆናል፤ በቃ።

ታዲያ የልጄ የአዱኛ ሚስት፣ ሙሉ፣ ሁለተኛ ጊዜ ስታረግዝ የሽንዲ ጤና ጣቢያዋ አዋላጅ መከረችን። የፊተኛውን ልጅ ያጣነው እናቱን በቃሬዛ ተሸክመን መኪና መንገድ ሳንደርስ ነው፤ እና አሁን ቀኗ ሳይደርስ ቦርሳዋን ይዛ ፍኖተ ሰላም፣ ሆስፒታል ሄዳ ትቀመጥ አለች። እኔም እሺ አልሁ። እሺ ያላሉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው፣ የባለቤቴ ታላቅ እህት።

እናንተ የዛሬ ልጆች አታውቁትም፤ በእኛ አገር ላልተወለደ ልጅ ምንም አይሰናዳም። ጨርቅ አይገዛም፣ ኮፍያ አይሠራም። ታዲያ እትዬ ጥሩወርቅ ያሰናዳሁትን ቦርሳ እንዳዩ፣ አንገታቸውን እንዲህ ዘንበል አድርገው፣ «መምህርት፣ ለሞት ቀጠሮ ትሰጫለሽ?» አሉኝ። ዕድሜዬን ሙሉ ባስተምርም እሳቸው መምህርት የሚሉኝ ሲቆጡ ብቻ ነው። ይኼን የሰማች ሙሉ መደቡ ላይ ተቀመጠች፤ ተሰናድቶማ አልሄድም፣ ይኼንንም ልጅ አላስወስድም አለች። አዱኛ አንዴ እኔን፣ አንዴ አክስቱን ያያል። ወንድ እንዲህ ባለ ጊዜ ሥራው ማየት ነው።

እኔ ታዲያ አልተከራከርሁም። ያጠፍሁትን ሁሉ ከቦርሳው አወጣሁ፤ እትዬ ጥሩወርቅም ደስ ብሏቸው ሄዱ። እና እኔ ወደ ጎረቤታችን ወደ ወርቄ ሄድሁ፤ ልጇ ድሆ፣ ቆሞ፣ ዶሮ ማባረር ጀምሯል። የጠበበውን ልብሱን፣ ኮፍያውን፣ መታቀፊያውን፣ ቦርሳውን ጭምር አውሺኝ አልኋት፤ ሰጠችኝ።

በማግስቱ ልንወጣ ስንል እትዬ ጥሩወርቅ በር ላይ ቆመዋል፤ ቦርሳውን ተቀብለው ከፈቱት።

«ይኼስ?»

«የወርቄ ልጅ ልብስ ነው።»

«ቦርሳውስ?»

«እሱም የወርቄ ነው። እኛ ያሰናዳነው የለም፣ እትዬ። የሰው ዕቃ ነው፤ ይመለሳል።»

ኮፍያውን ገለበጡት፣ አሸተቱት፣ መልሰው አጠፉት። እየውላችሁ፣ አገር ሲያስታርቁ የኖሩ ሴት ናቸው፤ ክፍተት ፈለጉ፣ ፈለጉ፣ አጡ። «መዋስስ አልተከለከለም» አሉና ከበሩ ገለል አሉ። ያን ጊዜ ሙሉ ተነሣች።

እና ምጡ የመጣው ሆስፒታል አልጋዋ ላይ ሳለች ነው፤ እንደ ፊተኛው በረታባት፤ ሐኪሞቹ ወዲያው ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ታዲያ ስንጠብቅ፣ ስንጠብቅ፣ ነርሷ ብቅ አለችና «የሕፃኗ ልብስ የታለ?» አለች። ሕፃኗ ስትል ሰምቼ ማርያምን ሳመሰግን፣ ቦርሳውን የከፈተው አዱኛ ነው። ኋላ ሲያሳዩን ኮፍያው እስከ አፍንጫዋ ወርዷል፤ ከሥሩ ሆና ትጮኻለች። እንደዚያ የሚጣፍጥ ልቅሶ ሰምቼ አላውቅም። እናቷም ደኅና ናት አሉን።

መንደር ስንገባ ከሁሉ ቀድመው እልል ያሉት እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። ልብሱን ለወርቄ ልመልስ ስል ደግሞ እሳቸው ራሳቸው መጥተው ተዋሱት፤ የልጅ ልጃቸው ነፍሰ ጡር ናት። ከእሳቸው ሌላዋ፣ ከሌላዋም ሌላዋ ወሰደችው። ታዲያ ወጉ አልተሻረም፤ እስከ ዛሬ በእኛ መንደር ላልተወለደ ልጅ የሚያሰናዳ የለም፣ ሁሉም ይዋሳል፣ ሁሉም በጊዜ ወደ ሆስፒታል ይሄዳል። ወርቄ ብቻ ናት፣ ባገኘችኝ ቁጥር፣ «ኧረ እትዬ፣ ያ ቦርሳዬ አሁን ማን ጋ ደረሰ?» የምትለኝ። (ሳቅ)