አስቸኳዩ ሁሉ የሚሄድበት ወንበር

ይህ ታሪክ ከላይ እስከ ታች እውነት ነው። ውሸት ካለበት ያቺ የምጠግናት ሊፍት ከስድስተኛ ፎቅ ይዛኝ ትውደቅ። ትምህርቴን ሰባተኛ ክፍል ላይ ባቋርጥም፣ ያየሁትን መናገር አያቅተኝም።

የምሠራበት ሕንፃ፣ በዘጠኝ አገር ፋብሪካ ያለው አንድ ኩባንያ የመለዋወጫ ጥያቄውን ሁሉ ሰብስቦ የሚያስተናግድበት ነው። እዚያ «መዝገቡ» የምንላቸው ሽማግሌ አሉ፤ የዘጠኙን አገር ብሎን አንድ በአንድ በስሙ እየጠሩ ጤንነቱን የሚጠይቁ ሰው ናቸው። ዓርብ ጡረታ ይወጣሉ። ሥራቸውን የምትረከበው ወጣት ሁለት ሳምንት ሙሉ አጠገባቸው ተቀምጣ አንገቷ እስኪጣመም ስክሪናቸውን አየች።

ሐሙስ ጠዋት በአራት ሰዓት ሦስታችን በአጋጣሚ ሊፍት ውስጥ ተገናኘን። ሊፍቷ በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ቀጥ አለች። እኔ ጀርባዬን ለቁልፎቹ ሰጥቼ፣ «ትንሽ ታገሡ» አልኩ።

«ወይኔ ጉዴ!» አለች ልጅቱ። «የሕፃናት ወተት ፋብሪካው ፓምፕ ቆሟል። መለዋወጫው በስድስት ሰዓቱ ጭነት ካልሄደ ወተቱ መደፋቱ ነው። ሦስት ጊዜ ‹አስቸኳይ› ብዬ ላክሁ፤ መልስ የለም!»

ሽማግሌው ሳቁ። «አስቸኳይ አልሽ? አይ የኔ ልጅ! አስቸኳይ የተባለ ሁሉ የሚሄደው ከሦስት ዓመት በፊት ጡረታ ወደ ወጣ ሰውዬ ነው። ወንበሩ ባዶ ነው።»

«ታዲያ እርስዎ እንዴት ይልካሉ?»

«‹ተራ› ብዬ እልክና ለመጋዘኗ ሴትዮ እደውላለሁ።»

«ጋሼ! ይሄን ለምን አልነገሩኝም?»

«መቼ ጠየቅሽኝ?»

«የማላውቀውን ምን ብዬ ልጠይቅ? መመሪያው ላይ የለም። የእርስዎ እጅ ደግሞ እንደ ስፌት መኪና ነው፤ ዐይን አይከተለውም።»

ፊታቸው ጠቆረ። «እውነቱን ልንገርሽ? ሃያ ሁለት ዓመት የሠራሁትን በአንድ ደብተር ካስረከብኩ ማን ያስታውሰኛል?»

አንጀቴን በሉት። ሰው ዕውቀቱን የሚይዘው ሁልጊዜ በክፋት አይደለም፤ ካስረከበው በኋላ እንዳይረሳ ስለሚፈራም ነው።

ልጅቱ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ «ያ ወንበሩ ባዶ የሆነው ሰውዬ ማን ይባል ነበር?» አለቻቸው።

«እሱማ... ቆይ... አሥራ አምስት ዓመት በስልክ ስንቀላለድ...» ግንባራቸውን አሻሹ። ብሎኑን ሁሉ በስሙ የሚጠሩት ሰው የባልደረባቸው ስም ጠፋባቸው።

«እሱም ምንም ሳይጽፍ ነው የሄደው» አለች ቀስ ብላ።

ሽማግሌው ወደ ልጅቱ ዞሩ። «ደብተርሽን አውጪ። እንዴት እንደሚሠራ ብቻ ሳይሆን ለምን እንደሆነም ጻፊ።»

ሊፍቷ ወዲያው ተንቀሳቀሰች።

ጠረጴዛቸው ጋ ሲደርሱ ልጅቱን በወንበራቸው አስቀመጧትና ሁለት እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ስትሳሳት እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ይወራጫል፤ ግን አላወጡትም። አምስት ተኩል ላይ ከመጋዘን «ተጭኗል» የሚል መልስ መጣ።

ዛሬ እዚያ ቤት የሚለቅ ሰው ሁሉ እጁን ኪሱ ከቶ ተተኪውን ያሠራል። ያ ባዶ ወንበርም ሰው ተቀምጦበታል። አዲስ ገቢ ሲቸግረው፣ «ጋሼ መዝገቡ ምን ብለዋል?» እያለ ልጅቱ የጻፈችውን ደብተር ይገልጣል፤ ስማቸው በቀን አሥር ጊዜ ይነሣል።

አንዲት ነገር ብቻ ፈጥሬአለሁ፦ ሊፍቷ አልተበላሸችም፤ ሁለቱ እንዲነጋገሩ ብዬ ማቆሚያዋን የተጫንኩት እኔ ነኝ። ስለ መሐላዬ ደግሞ፣ ሰሞኑን በደረጃ ነው የምወጣው።