ፍሬን የምይዝበት እግር
ቀኝ ተረከዜን ሚስማር ወጋኝና ቁስሉ አልድን አለ። ሾፌር ጓደኞቼ «ናፍጣ አድርግበት» ይሉኛል፤ እኔም አደርግበታለሁ። ሲብስብኝ እዚሁ ጅቡቲ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ ደሜን መርምራ በሚኮላተፍ አማርኛ፣ «ስኳርህ ሰማይ ነክቷል! ቁስል የሚዘጉት ሕዋሳት ስኳር ሲበዛባቸው መንቀሳቀስ ያቅታቸዋል። እንደናንተ መኪና ወደብ በር ላይ ተገትረው ይቀራሉ» አለችኝ።

ስመለስ ጓደኞቼ በተሳቢው ጥላ ጫት ይቅማሉ። እንደ ልማዳችን ኮካ ከፍተው አቀበሉኝ። አልጠጣም ስል ሳቁብኝ። አንጋፋችን፣ «ጫት ያለ ጣፋጭ? ሾፌር ደግሞ በነርስ ወሬ ይደነግጣል?» አለኝ።

ኮካውን ጎማው ስር ደፋሁትና፣ «ጋሼ፣ እኔ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የምይዘው በእናንተ እግር አይደለም!» አልኩት።