ነጭ ሲበዛ

አያ ይበልጣል አዲሱን ዲጂታል ካሜራ በፌስታል ጠቅልለው ለሻጩ ሊመልሱ ጎንደር ፒያሳ ሲደርሱ፣ ከድሮ ጎረቤታቸው ከጀማሉዲን ልጅ ከፈህሚያ ጋር ድንገት ተገናኙ። ፈህሚያ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምራለች።

«ምነው አያ ይበልጣል፣ የነገ ሠርገኛ ሆነው ፊትዎን አጠቆሩት?»

«የኔስ ግድ የለም ልጄ፣ የሰዉ ጠቆረብኝ እንጂ!»

አያ ይበልጣል ዕድሜያቸውን ሙሉ በፊልም ካሜራ የጎንደርን ሙሽራ ሲያነሡ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገ ደግሞ አንዲት ልጃቸው ኤሌኒ ትዳራለች። «በገዛ እጄ ካላነሣኋት ምኑን አባት ሆንሁ!» ሲሉ ያልሰማ የለም። ታዲያ እሑድ ዕለት ለሙከራ ከቅዳሴ የወጣውን ሰው ቢያነሡ፣ ነጠላው አመድ መስሎ፣ ፊቱ ጥላሸት ሆኖ ወጣ። የልጃቸውን ሠርግ ማንሣት ለሌላ ሰው ሊሰጡ ነው።

«ይኸ ካሜራ ፈረንጅ ለምዶ እኛን ጠልቶናል» አሉ።

ፈህሚያ ሳቋን ዋጥ አድርጋ ካሜራውን ተቀበለቻቸው። «ይህን የብርሃን ማስተካከያ ወደ መቀነስ ምልክት ያዞረው ማነው?»

«እኔ ነኛ! ሙያውን ያስተማሩኝ ሰው ‹ነጭ ሲበዛ ብርሃን ቀንስ› ነበር የሚሉት። ነጠላ ዓይን ይወጋ የለ?»

«አያ፣ ካሜራው ነጠላ አያውቅም። ያየውን ሁሉ ግራጫ ሊያደርግ ይሞክራል። ነጭ ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት አስቀድሞ ራሱ ቀንሷል። እርስዎ ደግሞ ደገሙት። በሁለታችሁ መካከል የሰው ፊት ተጎዳ።»

«ታዲያ በፊልሙ ዘመን እንዴት ሲያምርልኝ ኖረ?»

«ፊልም አጣቢው ፎቶውን ሲያትም ያነጣልዎት ነበራ!»

አያ ይበልጣል ካሜራውን መልሰው ተቀበሉ። ያ ሁሉ ምስጋና ለካስ ግማሹ የአጣቢው ኖሯል! ቢሆንም የለመዱትን መተው ጥርስ ከማስነቀል አይሻልምና፣ «ካላየሁ አላምንም» አሉ።

ከትክል ድንጋይ ከተማ ለገበያ የመጡ ብርቄ የሚባሉ ባልቴት፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሲያልፉ ፎቶ እንዲነሡ ለመኗቸው። አያ ይበልጣል መጀመሪያ እንደ ልማዳቸው ቀንሰው አነሡ።

«ኧረ ይቺ ማናት?» አሉ ብርቄ የካሜራውን ስክሪን አይተው። «ከሰል ስታከስል የዋለች ትመስላለች!»

«አሁን ወደ መደመር አንድ ያዙሩት» አለች ፈህሚያ።

አዞሩና አነሡ። ነጠላው ነጣ፣ የባልቴቷ ፊት ፈካ፣ አንገታቸው ላይ ያለው ንቅሳት ሳይቀር ታየ።

«እሰይ! ይቺስ እኔው ነኝ!» ብለው ብርቄ እልል አሉ።

«ተረታሁ ልጄ» አሉ አያ ይበልጣል። «መምህሬ አልዋሹም፤ መሣሪያው ተለወጠ፣ እኔ ግን አልተለወጥሁም።» ፌስታሉን ጣሉና ካሜራውን አንገታቸው ላይ አጠለቁት።

በማግሥቱ አባት ልጃቸውን አነሡ። ነጭ ቬሎዋ ነጭ፣ ጠይም ፊቷ ጠይም ሆኖ ወጣ። በሽማግሌ ስትመረቅ ጉንጯ ላይ የወረደችው እንባ እንኳ ቁልጭ ብላ ትታያለች። ነገርን ከሥሩ መርምሮ ልማድን ማረም ትርፉ ይኸው ነው፤ ባይጠይቁ ኖሮ ያችን እንባ ሌላ ሰው ያነሣት ነበር።

ድንኳኑ ውስጥ ፎቶዎቹን በካሜራው ላይ ስታይ የቆየችው ኤሌኒ ግን ድንገት ቀና አለች። «አባዬ፣ አንተስ የትኛው ላይ አለህ?»

የትኛውም ላይ አልነበሩም። ለሠርጉ የተጠራችው ፈህሚያ ካሜራውን ነጠቀቻቸው። አያ ይበልጣል ነጭ ጋቢያቸውን አስተካክለው ከልጃቸው ጎን ቆሙና፣ ድንኳኑ እስኪሰማ ጮኹ፦

«ፈህሚያ! ነጭ በዝቷል፣ ጨምሪ እንጂ!»