«ሁለቱንም» ስለሚለው ጽሑፍና ስለተነቀለው የሜዳ በር የተሰጠ ቃል

መጠሪያ፦ «ቱልቱላ» (ሠፈሩ ሁሉ የሚጠራኝ በዚህ ነው)
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ፤ በጨዋታ ቀን በማይክሮፎን የሜዳ አስነጋሪ
አድራሻ፦ ከኳስ ሜዳው ጀርባ፣ ከዳቦ ቤቱ በላይ
ቃል የተሰጠበት ቀን፦ ሰኞ ጠዋት

ትናንት እሑድ ከሰዓት በኋላ በኳስ ሜዳው ስለተፈጠረው ግርግርና ስለ በሩ መነቀል የማውቀውን እንዳስረዳ ተጠርቼ ይህን ቃል ሰጥቻለሁ።

የቡድናችን አጥቂ ታናሽ ወንድሜ ነው። ትዳር ከያዘ ዘጠኝ ዓመት ቢሆነውም ልጅ አላገኘም ነበር። ዐርብ ዕለት ባለቤቱ ምጥ ይዟት ሆስፒታል ገባች፤ ምጡ ስለጠናባት ሐኪሞቹ ለእሷም ለልጁም ሰግተው ነበር። እሑድ ማለዳ በቀዶ ሕክምና ተገላግላ ሁለቱም መትረፋቸው ተነገረን። ወንድሜ ከአጠገቧ አልነቃነቅ ቢል «ሂድና ኳስህን ተጫወት፤ እዚህ ተገትረህ አታድክመኝ» ብላ ያባረረችው እሷው ናት።

ወንድሜ ከዕረፍት በፊት አንድ ጎል አገባ፤ ቆይቶም ተከላካይ ጎትቶ ቢጫ ካርድ አየ። ከዕረፍት መልስ ሁለተኛውን በግንባሩ ገጭቶ እንዳስቆጠረ የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች ወደተቀመጡበት ጥግ ሮጦ ማሊያውን ገለጠ። ከሥር በለበሰው ነጭ ካናቴራ ላይ በወፍራም እስክርቢቶ «አምላኬ ሆይ፣ ሁለቱንም ስለሰጠኸኝ ተመስገን» የሚል ተጽፎ ነበር። እኔ ከማስነግርበት የእንጨት ማማ ላይ ሆኜ ሳነበው እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። ሜዳው ውስጥ ስለ ልጁ የምናውቀው ግን እሱና እኔ ብቻ ነበርን።

ሕዝቡ ሁለቱን ጎሎች ማለቱ መሰለው። የእንግዳው ቡድን ደጋፊዎች አብዛኞቹ ሃይማኖታቸው ከእኛ ስለሚለይ ነገሩ ክፉኛ ከነከናቸው። አንድ ጎልማሳ አጥሩን ጨብጦ «እኛስ አምላክ የለንም? የእኛው ተቀያሪ ወንበር ላይ ነው እንዴ?» እያለ ሲጮህ ሰምቻለሁ። የእኛዎቹም የባሰ መለሱ። የውሃ ጠርሙስ መወራወር ተጀመረ፤ ቀበቶውን የፈታም አይቻለሁ። ወንድሜ ደንግጦ ጽሑፉን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆመ።

በዚህ ጊዜ ማይክሮፎኑን አንሥቼ «ስሙኝ! ጎሎቹን አይደለም! ሚስቱንና ልጁን ነው! ዛሬ ጠዋት ከሞት አፋፍ ተርፈውለት ነው!» ብዬ ተናገርኩ። ለመወርወር የተነሣው ጠርሙስ ሁሉ ወረደ። ያ አጥሩን የጨበጠው ጎልማሳ «ታዲያ እንደዚያ ብሎ አይጽፍም!» አለና ሳቁ አመለጠው፤ ቀድሞ ያጨበጨበውም እሱ ነው። የእንግዳው ቡድን አምበል፣ በሥራው የጭነት መኪና ሹፌር የሆነው፣ ወንድሜን ትከሻው ላይ አወጣው።

ዳኛው በሰው መሃል ተጋፍቶ ደርሶ ማሊያ በመግለጡ ሁለተኛ ቢጫ፣ ቀጥሎም ቀይ አሳየው። «እንኳን ደስ ያለህ። አሁን ውጣ» ሲለው ወንድሜ ጉንጩን ሳመውና «እኔም ቸኩያለሁ» አለው። የሁለቱም ወገን ደጋፊዎች ካልሸኘነው ብለው በአንድነት ሲገፉ፣ ወደ ውስጥ የሚከፈተው በር ወደ ውጭ ከነማጠፊያው ተነቀለ። በሩን የነቀለው ማን ነው ተብዬ ስጠየቅ፣ ሁላቸውም ናቸው፤ የነቀሉትም በደስታ ነው። የተጎዳ ሰው የለም። ጨዋታው ቀጥሎ ሁለት ለሁለት ተጠናቋል፤ አምበሉም ሲወጣ «ይኸው አምላክ ለእኛም ሁለት ሰጠን» ብሎ አሳቀን።

ተጫዋች በጨዋታ ላይ የሃይማኖት መልእክት ማሳየቱ ተገቢ ነው ወይ ተብዬም ተጠይቄአለሁ። ወንድሜ ማመስገኑን አልነቅፍም፤ እኔም እሱ ባመሰገነው አምላክ አምናለሁ። ነገር ግን የጻፈው ለአንዱ ሲሆን ያነበበው ሺህ ሰው ነው፤ ካናቴራ ደግሞ ሲጠየቅ አያስረዳም። እኔ ማይክሮፎን ባልይዝ ኖሮ ምን ይሆን እንደነበር ሳስበው ይዘገንነኛል። ስለዚህ ምስጋናው በልቡ ቢሆን፣ ካልሆነለትም በአፉ ቢናገረው እመርጣለሁ። ዳኛውም አላጠፋም እላለሁ።

ከላይ የሰፈረው ያየሁትና የሰማሁት እውነት ነው። ቃሌ ሲነበብልኝ አንድ ቦታ ላይ «ወንድ ልጅ» ተብሎ ስለነበር፣ ሴት መሆኗን፣ ያውም ድምፅዋ በእኔ መውጣቱን ገልጬ እንዲታረም ጠይቄአለሁ፤ ታርሞልኝም ፈርሜአለሁ።

የምስክር ፊርማ ____________
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ ፖሊስ ፊርማ ____________