ኳሱ በእርስዎ ኮርት ነው

በኛ ጊዜ ሽማግሌ የላከ ልጅ አንገቱን ደፍቶ መልስ ይጠብቃል እንጂ ስልክ አይደውልም። የልጄ የዘሃራ ጊዜ ነው ነገሩ የተገለበጠው። ፈላጊዋ ነቢል ይባላል፣ እዚሁ አሜሪካ፣ አሌክሳንድሪያ የተወለደ፣ አባቱ ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው ናቸው፣ ጨዋ ሰው። ታዲያ ሽማግሌዎቹ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቴ መጥተው ጠየቁ፣ እኔም «እናስብበት» አልኩ፣ እና ሳስብ ሳስብ ክረምቱ አለፈ። ምን ላድርግ፣ ያለችኝ አንድ ልጅ ናት።

አንድ ቀን ነቢል ራሱ ኮል አደረገኝ። «ጋሼ፣ እኛ የምንችለውን አድርገናል፣ ናው ዘ ቦል ኢዝ ኢን ዩር ኮርት» አለኝ፣ ቀስ ብሎ፣ በትህትና። እኔ የሰማሁት «ኮርት» የምትለዋን ብቻ ነው። ታክሲ ስነዳ በቅጣት ትኬት ስንቴ ዳኛ ፊት ቆሜበታለሁ፣ ቃሉን አሳምሬ አውቀዋለሁ። ታዲያ ስልኩን ዘጋሁና ባለቤቴን ከዲጃን «አማችሽ ከሰሰን» አልኳት።

«ገና መቼ አማች ሆነና?»

«ስላልሆነ ነዋ የከሰሰን።»

እና ጎረቤቴን ታደሰን ምስክር ይሁነኝ ብዬ፣ ሁለታችንም ሱፍ ለብሰን አሌክሳንድሪያ ወረድን። ሐጂ በር ሲከፍቱ እሺታ ይዘን የመጣን መስሏቸው አቀፉኝ። እኔ ኮስተር ብዬ፣ «ሐጂ፣ በሽማግሌ የተጀመረ ነገር ኮርት ምን ይወስደዋል?» አልኩ።

«የምን ኮርት?»

«ልጅዎን ይጠይቁት።»

ሐጂ ዞሩና፣ ድምፃቸው እንዲህ ጎርነን ብሎ፣ «አንተ ነቢል፣ የልጅቱን አባት ከሰስክ?» አሉት።

ልጁ ላብ በላብ ሆነ። «ኖ፣ ኖ፣ የቴኒስ ኮርት ነው ያልኩት። ኳሱ እርስዎ ጋ ነው፣ መልስዎን እየጠበቅን ነው ማለቴ ነው።»

ታደሰ ደግሞ በዚህ መሀል «ታዲያ ኳሱ የታለ?» ይላል፣ ምስክር ብዬ ያመጣሁት ሰው።

ከዚያ ነቢል ተቀምጦ አስረዳን። ኮርት ማለት ጥንት የታጠረ ግቢ ማለት ነው አለ። ንጉሡ ግቢው ውስጥ ይፈርዳል፣ ስለዚህ ችሎቱ ኮርት ተባለ፤ ግቢ ውስጥ ኳስም ይጫወታሉ፣ ሜዳውም ኮርት ተባለ። ሰማችሁ? እኛስ ቤተ መንግሥቱን ግቢ እንል የለ? ነገሩ ገባኝ፣ ሐፍረቱም አብሮ ገባ። ሐጂ ግን አልለቀቁኝም፤ «ታዲያ ኳሱን ይምቱታ፣ ስንጠብቅ ከረምን» አሉኝ። ሱፍ ለብሼ፣ ምስክር ይዤ፣ ምን ብዬ ልመለስ? «ይሁን፣ ሰጥቻለሁ» አልኩ። ነቢል እግሬ ላይ ወደቀ፣ ታደሰ አለቀሰ፣ ለምን እንዳለቀሰ እስካሁን አላውቅም።

ይኸው ተጋቡ። ያ ልጅ ታዲያ ዛሬ ከኔ ጋር ሲያወራ አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ጣል አያደርግም፣ «እንደምን አደሩ» ሲለኝ እንኳ እየተጠነቀቀ ነው። እዚያው ሳሎን ነው ያለው፣ ካላመናችሁ ጠይቁት።

«አሁን ጠየቅኩት» አለች ዘሃራ ከበሩ ላይ፣ «ጠበቃዬ ሳይመጣ አልናገርም አለ።»