ኦቦ ዲሪርሳ ፍቀው የጣሉት

ወደ ተፍኪ የሚሄድ ታክሲ ስጠብቅ ሰበታ ላይ ዝናብ ያዘኝና ወደ ኦቦ ዲሪርሳ ሞባይል መጠገኛ ገባሁ። ከሬዲዮ ዘመን ጀምረው ሲጠግኑ የኖሩ፣ በእጃቸው ሥራ የሚኮሩ ሽማግሌ ናቸው። የዚያን ዕለት ግን ጨርቅ ነጋዴዋ ራቢአ ተቆጥታ ፊታቸው ቆማለች።

«እርስዎ ከከፈቱት ወዲህ ስልኬ እንደ ካውያ ይፋጃል። ዛሬም ካልተስተካከለ አዲስ አበባ እወስደዋለሁ።»

የሰበታ ሰው ስልኩን ለማሠራት አዲስ አበባ መሄዱ ለኦቦ ዲሪርሳ ከስድብ ይብሳል። ስልኩን ተቀብለው ጀርባውን ከፈቱት።

አጠገባቸው የጎረቤታቸው ልጅ ሄመን ነበረች። ብየዳ ያስተማሯት እሳቸው ናቸው፤ አሁን ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታጠናለች።

«ጋሼ፣ ከጀርባው የነበረውን ስስ ጥቁር ነገር የት አደረጉት?»

«ጥላሸቱን? ፍቄ ጣልኩት። በቤንዚን ሳይቀር አጸዳሁላት!»

«ጥላሸት አይደለም፤ ግራፋይት የሚባል የከሰል ዘመድ ነው። ሙቀቱን ከአንድ ቦታ ተቀብሎ በጀርባው ሙሉ የሚበትነው እሱ ነው።»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አታሞኚኝ። ከሰል አንዱ ጫፉ ፍም ሆኖ በሌላው ጫፍ በእጄ እይዘዋለሁ። ሙቀት በከሰል ውስጥ የሚሄድ ቢሆን ይኸኔ ጣት አልነበረኝም።»

ጥሩ ክርክር ነው አልኩ በልቤ።

«እውነትዎን ነው» አለች ሄመን። «ሁለቱም ካርቦን ናቸው፤ ከሰል ውስጥ ግን አተሞቹ የተዘበራረቁ ናቸው፣ መሃሉም ሁሉ ቀዳዳ ነው። ግራፋይት ውስጥ በስስ ንብርብር ተደርድረዋል። ሕንጻ ላይ ጡብ የሚቀባበሉ ሠራተኞችን ያስቡ፤ ጎን ለጎን ተጠጋግተው ከቆሙ ጡቡ ይሮጣል። ከአንዱ ንብርብር ወደ ሌላው ግን እጃቸው እምብዛም አይደርስም። ስለዚህ ሙቀቱ ወደ ጎን ይበተናል እንጂ በአንድ በኩል ወጥቶ የራቢአን ጆሮ አያቃጥልም።»

«በአፍማ ሁሉም ይሮጣል።»

ሽማግሌው አልተሳሳቱም፤ በእጁ የኖረ ሰው በእጁ ዳስሶ ማመን ይፈልጋል። ሄመንም ከጎረቤት ሱቅ በረዶ አመጣች። መጀመሪያ የፕላስቲክ ካርድ ሰጠቻቸው፤ ጠርዙን በረዶው ላይ ቢያሳርፉት ንቅንቅ አላለም። ቀጥላ ከቦርሳዋ ለትምህርቷ የያዘችውን የግራፋይት ቁራጭ አወጣች። እሱ ግን ቅቤ ውስጥ እንደ ገባ ቢላ በረዶውን እየቆረጠ ወረደ።

«ምን ቀብተሽው ነው? ደግሞ ጣቴን በረደኝ!»

«ምንም አልቀባሁትም። በግራፋይቱ ሮጦ በረዶውን ያቀለጠው የእጅዎ ሙቀት ነው።»

ኦቦ ዲሪርሳ ጣቶቻቸውን አዩ፤ ከዚያም ከማይሠራ ስልክ ላይ ተመሳሳዩን ስስ ግራፋይት አንስተው የራቢአ ስልክ ላይ አስተካክለው ለጠፉ። ራቢአ ከእህቷ ጋር በቪዲዮ ብዙ ካወራች በኋላ ስልኩን ጉንጯ ላይ አደረገችው። ሞቅ ብሏል እንጂ አይፋጅም።

«ባትሪውም ዕድሜ ያገኛል፤ ስልኩም ሲግል መንቀራፈፉ ይቀራል» አለች ሄመን።

«ይህችን ልጅ ብየዳ ያስተማርኳት እኔ ነኝ» አሉ ኦቦ ዲሪርሳ ደረታቸውን ነፋ አድርገው።

«ዛሬስ ማን ማንን አስተማረ?» አለች ራቢአ።

ሽማግሌው ሳቁና ወደ ሄመን ዞሩ። «ገለቶሚ፣ አመሰግናለሁ ልጄ።»

ዝናቡ ሲያባራ ሌላ ደንበኛ ስልክ ይዞ ገባ። ኦቦ ዲሪርሳ ጀርባውን ከፈቱ፤ የቤንዚኑን ጠርሙስ ወደ ጥግ ገፉና ጥቁሩን ግራፋይት በወረንጦ አንስተው ንጹሕ መስታወት ላይ በጥንቃቄ አኖሩት።