ቀዩ ወይስ ሰማያዊው?

ከሚኤሶ ወደ ቺሮ በሚወጣው ሚኒባስ የኋላ ወንበር ላይ አራት ነበርን፦ ማሽላ የያዙ አንዲት እናት፣ ስማቸውን ከወሬያቸው የሰማሁት ናስርና አብዲ፣ እና እኔ። የአብዲ ቀኝ እጅ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለቱ ከአዳማ ሐኪም ቤት መመለሳቸው ነው።

"አጎትህ መልስ እየጠበቀ ነው" አለ ናስር ስልኩን እያየ። "ዱባይ ስትመጣ ውድድር ሜዳው ላይ የምትነዳውን ሞተር ምረጥ ብሎሃል።"

"ቀዩን ቀጥታ መንገድ ላይ የሚደርስበት የለም።"

"ሰማያዊው ግን መታጠፊያ ላይ አይከዳህም። አንተ ደግሞ ከመታጠፊያ ጋር አትስማማም።"

"ሂድ እዚያ! የቦኬን ጠመዝማዛ መንገድ ዓይኔን ጨፍኜ እነዳዋለሁ።"

"አይተናላ።"

"ጥፋቱ የመንገዱ አይደለም። የጫት እስር መሪው ላይ አንጠልጥዬ፣ ፍሬን ልይዝ ስል ቅጠል ጨበጥኩ።"

"አልሐምዱሊላህ፣ ነፍስህ ተርፋለች" አሉ እናትየዋ። "ሐኪሙስ ምን አለህ ልጄ?"

"ጣቶችህ ከእንግዲህ አይጨብጡም አለኝ፣ እናቴ።"

"ለእኔ ይድናል አላልከኝም?" አለ ናስር።

"አንተማ መንገዱን ሙሉ ሞተር ስታስመርጠኝ መቼ ልንገርህ?"

ናስር የአብዲን ፋሻ ተመለከተ።

"የቀዩ የፊት ፍሬን በየትኛው እጅ ነው?" አለ አብዲ።

"ታውቀው የለ።"

"ንገረኝ።"

"በቀኝ።"

"የሰማያዊውስ?"

"እሱም በቀኝ።"

"በቃ፣ ሰማያዊውን መርጧል ብለህ ጻፍለት። ስለ እጄ እንዳትነግረው፤ ዛሬን ደስ ብሎት ይዋል።"

ቺሮ እስክንገባ ድረስ ቀኝ እጄን ስጨብጥና ስዘረጋ ቆየሁ።